የትልቁ ቤት ሲንክ

ኅዳር 11

ዛሬ ፈረቃችን ነበር፤ ውኃ መጣ። ሮቶው ሞላ፣ በርሜሉም፣ ሳፋውም። ሆሴዕ የማዕድ ቤቱን ግድግዳ ማፍረስ ጀምሯል። ግንበኛ ነው፤ ቧንቧም ይዘረጋል። ሥራው ደኅና ነው፣ ፉጨቱ ግን አይጣል። ሁለቴ ገሠጽኩት። «ይቅርታ ቲቸር» አለና መዘመር ጀመረ። መዝሙሩም ከፉጨቱ አይሻልም።

ዕቃዬ ሁሉ በካርቶን ታሽጓል። አንዲት ማንኪያ ለማግኘት ልጄን ቤቴልን መጠየቅ አለብኝ። ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት... ጉልበቴ ከከዳኝ ወዲህ ከግቢ ብቻዬን አልወጣም። ማን ከለከለኝ? ማንም። ሁሉም የሚለኝ «አይዞሽ፣ እኛ አለንልሽ» ነው። ግን ልውጣ ስል በሩ ላይ ሁልጊዜ አንድ ሰው አለ።

ቤቴል ከቢሮ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ «እማዬ፣ ሲንኩንና ቧንቧውን የምትመርጪው አንቺ ነሽ። ሕዝቄ ነው ያለው። ማንም እንዳይነካባት ብሏል» አለችኝ። ሕዝቅኤል ታላቋ ነው፤ ደቡብ አፍሪካ ሱቅ አለው። ቤቱን የሚያሳድሰውም እሱ ነው።

«አስብበታለሁ» አልኳት ደረቅ አድርጌ። ፊቴን ግን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ደስ ማለቴን እንዳታይ።

አንጋጫና ዶዮገና ባሉ ትምህርት ቤቶች ጡረታ እስክወጣ ድረስ የቤት አያያዝ አስተማርኩ። ሲንክ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እሥል ነበር። የሚታጠብበት፣ የሚለቀለቅበት፣ የሚንጠፈጠፍበት። ሦስት ቦታ፤ አይቀላቀልም። ከዚያ ልጃገረዶቹን ደጅ አውጥቼ በሁለት ሳፋና በአንድ የቀርከሃ ቆጥ አለማምዳቸዋለሁ። እኔ ራሴ ሲንክ ኖሮኝ አያውቅም። ሟቹ ባለቤቴ ሽብሩ «ጡረታ ስንወጣ» ይል ነበር። ጡረታ ወጣን። እሱ አረፈ፣ ሳፋዎቹ ቀሩ።

ኅዳር 13

ሆሴዕ ዛሬ ግድግዳ አስጠግቶ አቆመኝ። ክርኔን እንዳጥፍ ጠየቀኝና ከወለሉ እስከ ክርኔ በሜትር ለካ። እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ ግድግዳው ላይ ጻፈ።

«ምን ያደርግልሃል?»

«የሲንኩ ከፍታ በርስዎ ልክ እንዲሆን ነው ቲቸር። ወገብዎን እንዳያምዎት።»

ትክክል ነው። ሲንኩ ከፍ ካለ ትከሻ ያማል፣ ዝቅ ካለ ወገብ። እኔም የማስተምረው ይህንኑ ነበር። ቤቴል ነግራው ይሆናል።

ለሠርግ ልብስ የተለካሁ መሰለኝ። በዚህ ዕድሜ! ከንቱ ነገር።

ኅዳር 16

ናስረዲን ሱቅ ሄድን። ቤቴል በባጃጅ ወሰደችኝ። የናስረዲንን እናት ሱምያን አስተምሬያታለሁ።

«ቲቸር! ይግቡ፣ ይግቡ። እናቴ እስከ ዛሬ ሳህን ባየች ቁጥር ‹ቲቸር ገነቴ ብታየኝ› ትላለች።»

«እንዳስተማርኳት ታጥባለች?»

«እኔን ነው እንዳስተማሯት የምታሳጥበኝ።»

ነጭ ሴራሚክ አሳየን፣ ጥቁር ድንጋይ መሳይ አሳየን፣ የማይዝግ ብረትም ብዙ ዓይነት። ብረቶቹን አንድ በአንድ በጣቴ አንኳኳሁ። ወፍራሙ ዝም ይላል፤ ስሱ ይጮኻል።

«ይሄ ሲንክ ነው ወይስ ከበሮ?» አልኩት።

«እሱንማ ለመዘምራናችሁ ነው ያስቀመጥኩት» አለ። ቤቴል ሳቀች። እኔም ትንሽ።

ከዚያ ቧንቧዎቹ። አጭር አንገት፣ ረጅም አንገት፣ ቀዝቃዛና ሙቅ የሚቀላቅል ሚክሰር። ሚክሰሩ ያምራል። ሙቁ ውኃ ግን ከየት ይመጣል?

«የሙቁን መስመር በኋላ ያስገቡታል» አለ ናስረዲን።

«በኋላ ማለት መቼ?»

ናስረዲን ቤቴልን አያት። ቤቴል ስልኳን አየች። ሳልወስን ተመለስን።

ኅዳር 17

ባለ አንድ ጎድጓዳ ወይስ ባለ ሁለት? ቀኑን ሙሉ ይህንኑ ሳወጣ ሳወርድ ዋልኩ። አያሳፍርም?

ኅዳር 20

ፋጡማ መጣች። አጥር የምንጋራ ጎረቤቴ ናት፤ ሁለታችንም ባል ቀብረን፣ ልጅ ድረን፣ ጉልበት ታመን እዚሁ አረጀን። ስለ ሲንኩ ነገርኳት።

«ይልቅ የኔን መጥተሽ እይ። ጀሚል ነው ያስገባልኝ። ሽንኩርት አስቀምጥበታለሁ።»

«ለምን?»

«የቆጮው ቃጫ ጉሮሮውን ዘጋዋ። አስከፈትኩት፣ ዘጋ። ደግሜ አስከፈትኩት፣ ዘጋ። ለሽንኩርት ሰጠሁትና ዐረፍኩ።»

«ከሥሩ ወንፊት አድርጊ፤ የቡላውንም አተላ አትድፊበት።»

«አንቺማ ቧንቧውንም አሰልፈሽ ሥነ ሥርዓት ታስተምሪዋለሽ።»

ሳቅን። ልትሄድ ስትል ግን እጄን ያዘችና ቆየች። «ገነቴ፣ ቤት ማለት ግድግዳ አይደለም እኮ» አለችኝ። ምን አመጣው? ፋጡማ ስብከት አትወድም ነበር።

ኅዳር 23

ሕዝቅኤል ደወለ። መስመሩ ይቆራረጣል።

«የወደድሽውን ምረጪ እማዬ።»

«ባለ ሁለት ጎድጓዳውን ነው የማስበው። መስኮቱ ሥር ሰፋ ያለ ቦታ ይፈልጋል።»

«ይሁን።»

«ቧንቧው ረጅም አንገት ያለው። ትልቅ ድስት እንዲያስገባ።»

«ይሁን እማዬ።»

ይህ ልጅ ከመቼ ጀምሮ ነው ሳይከራከር የሚስማማው? ስለ ሱቁ ጠየቅሁት። «ደኅና ነው» አለ። ስለ ገበያው። «ደኅና ነው።» ከዚያ ምንም ሳልጠይቀው «ደኅና ነው» አለ።

ኅዳር 26

መረጥኩ። ወፍራም ብረት፣ ባለ ሁለት ጎድጓዳ፣ ማንጠፍጠፊያው በስተቀኝ። ናስረዲን «ሰው ሁሉ በስተግራ ነው የሚወስደው» አለ። እኔ ግን ግራኝ ነኝ። ሚሲዮን ትምህርት ቤት ግራ እጄን በማስመሪያ እየመቱ በቀኝ መጻፍ አስለመዱኝ፤ ዕቃ ሳጥብ ግን ማንም አላየኝምና ግራኝ ሆኜ ቀረሁ። ሳህኑን በቀኝ ይዤ በግራ ነው የማሸው። እናም በስተቀኝ። ይህን ለማንም አልነገርኩም። «እንዲያ ነው የምፈልገው» አልኩ፣ በቃ። ከመጋዘን አስመጣልኝ።

ቧንቧው ረጅም አንገት ያለው ነው፣ ወዲያና ወዲህ የሚዞር። በአንድ ጣት ይከፈታል። ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። እንደገና ከፈትኩ። ውኃ እንደሌለው እያወቅሁ...

ቤቴል ደጅ ወጥታ ስልክ ታወራለች። ናስረዲን ካርቶኑን እያሠረ፣ «ትንሿንስ አብሬ ልላካት ቲቸር?» አለኝ።

«የቷን ትንሽ?»

«ያቺን ለሰርቪሷ ያዘዛችኋትን። ለርስዎ ክፍል...»

አቋረጠ። ጣቱ የጠቆማት ዕቃ ጥግ ላይ ነበረች። እጅ መታጠቢያ የምታህል፣ አንዲት ጎድጓዳ፣ ማንጠፍጠፊያ የሌላት። ስሱ ብረት። ሳላንኳኳትም ታስታውቃለች።

«አብረህ ላካት» አልኩት።

ለምን አልጠየቅሁትም? ተማሪዬ የወለደችው ልጅ ፊት ቤቴ ውስጥ የሚደረገውን የማላውቅ መስዬ ልታይ? በባጃጁ ውስጥ ቤቴል «ደስ አለሽ እማዬ?» አለችኝ። «ጥሩ ዕቃ ነው» አልኳት።

ኅዳር 27

ጓሮ ያለው ሰርቪስ ቤት ድሮ ማገዶ ነበር የምናስቀምጥበት። ቤቴል ለቢሮ ስትወጣ ምርኩዜን ይዤ ሄድኩ። ተቆልፏል። በመስኮቱ አየሁ። ቀለም ተቀብቷል። ለአንድ አልጋ የሚሆን ቦታ። አልጋው በሚቆምበት ግድግዳ ላይ የብረት መያዣ ተተክሏል፤ ተደግፎ ለሚነሣ ሰው። ከማዶ የቧንቧ ጫፍ ወጥቷል። ከፍታውን ከውጭ ሆኜ በክርኔ ገመትኩት።

የኔ ነው። በቀደም የለካው እዚህ ነው የተተከለው።

ተመልሼ ማዕድ ቤቱ ገባሁ። እዚያ ያለው የቧንቧ ጫፍ ከኔ ክርን በጣም ከፍ ይላል። የረጅም ሰው ነው።

ኅዳር 28

ሆሴዕን በሀዲይኛ ጠየቅሁት። በአማርኛ ብጠይቀው የሚዋሽ መሰለኝ።

የግንበኛ ማንኪያውን ሲሚንቶው ላይ ሰካ። «እኔ የታዘዝኩትን ነው የምሠራው ቲቸር።»

«ያዘዘህን አይደለም የጠየቅሁህ። ማን ነው የሚገባው?»

የአንድ ድርጅት ኃላፊ ነው አሉ፣ ከነቤተሰቡ። መጥተው አይተውታል፤ እኔ እሑድ አምልኮ ላይ ሳለሁ። ከገና በኋላ ተከራይተው ይገባሉ። ትልቁ ቤት ለነሱ። ሰርቪሱ ለኔ። ቤቴል ባሏ ቤት ናት፤ አድራ የምትሄደው ለኔ ስትል ነው።

«እባክዎ፣ እኔ ነገርኳት እንዳይሉ።»

አልልም። እሱም እንደኔ ተይዟል።

ኅዳር 29

ምንም አልጻፍኩም። ምን ይጻፋል?

ኅዳር 30

ፀሐይ ልሞቅ ከማዕድ ቤቱ ግድግዳ ሥር ተቀምጬ ነበር። መስኮቱ ገና አልተገጠመለትም። ቤቴል ውስጥ ሆና ከሕዝቅኤል ጋር ታወራለች። መነሣት ነበረብኝ። አልተነሣሁም። ጉልበቴ ነው ልበል? አይደለም።

«እኔ አልነግራትም፣ አንተ ንገራት... ሱቁ ከተቃጠለ ስንት ወሩ ሕዝቄ? እስከ መቼ ደኅና ነው ትላለህ?... አይቻልም አልኩህ! እድሳቱ እኮ እነሱ በከፈሉት ቀብድ ነው፤ እንዴት ይመለሳል?... አዎ፣ መረጠች። ፊቷን ብታየው። ቧንቧ ስትከፍት ስትዘጋ፣ እንደ ሕፃን ልጅ። እሷ ትምረጥ፣ ይቺን ደስታ እንኳ ታግኝ ያልከው አንተ ነህ። የማየው ግን እኔ ነኝ።»

ከዚያ ለቅሶ።

ሱቁ ተቃጥሏል። ልጄ ምን እየበላ ነው? የት ነው የሚያድረው? ወራት ሙሉ በየሳምንቱ «ደኅና ነው»...

እኔን ደግሞ የሰው ሲንክ አስመርጠው አስደሰቱኝ።

ታኅሣሥ 2

አንድ ቃል ብናገር ሥራው ይቆማል። ቤቱን እኔና ሽብሩ ነን የሠራነው፤ ድንጋዩን ከወንዝ ያስጫንኩት እኔ ነኝ። አልወጣም ብል ማን ያስወጣኛል? ማንም። ቤቴል አልቅሳ ዝም ትላለች። ሕዝቅኤል «ይሁን እማዬ» ይላል።

ከዚያስ? ባዶ ሆዱን ይሁን እያለኝ እኔ ባለ ሁለት ጎድጓዳ ላይ ሳህን ላጥብ?

በቃ፣ በልቤ ወጣሁ። ማን ገፋኝ? ማንም አልገፋኝም። ቢገፉኝ ይሻል ነበር፤ የምጮኽበት ሰው ይኖረኝ ነበር።

ታኅሣሥ 3

የጸሎት ኅብረቱ ሴቶች መጡ። አዲሱን ማዕድ ቤት ዞረው አዩ፣ አደነቁ። ሲንኩ ከካርቶኑ ሳይወጣ እጃቸውን ጭነው ጸለዩለት። «ጌታ ሆይ፣ እናታችን በዚህ ቤት የልጅ ልጆቿን የምትመግብበት ረጅም ዕድሜ...» ቤቴል ከበሩ ሸሸች።

እኔ አሜን አልኩ። ምን ልበል?

ታኅሣሥ 6

ማለዳ ስነሣ ደጅ ቅቤ ይሸታል። ቤቴል በጊዜያዊው ምድጃ አተካና እየሠራች ነው። ቡላው በቅቤ ሲገነፋ። አተካና በሥራ ቀን! ሠርግ የለ፣ መስቀል አልፏል። ወዲያው ገባኝ። በኛ አገር ለትልቅ ሰው ክፉ ወሬ በባዶ ሆድ አይነገርም። መጀመሪያ ያበሉታል። ከዚያ ስለ ዝናቡ፣ ስለ እንሰቱ፣ ስለ ከብቱ። ከዚያ የሌላ ሰው መከራ ያወራሉ። መጨረሻ ላይ ያንተን። የወንድሜንም ሞት የሰማሁት እንዲሁ ነው።

ወንድም ዕንባቆም ከቤተ ክርስቲያን መጣ፤ ሽማግሌያችን ነው። ፋጡማም ተጠርታለች። የኔን ዓይን አትፈልግም። በላን። ዕንባቆም እጁን ጠረገ።

«እህት ገነቴ፣ እንሰቱ ዘንድሮ እንዴት ነው?»

«ከተቀመጥክበት ይታይሃል።»

አሳለ። «ጉልበትዎስ?»

«እሱንም ከተቀመጥክበት ይታይሃል።»

እንደገና አሳለ። ላብ ግንባሩ ላይ ወጣ። «መጽሐፉ እንደሚል፣ አባታችን ያዕቆብ በእርጅናው ዘመን፣ ስለ ልጁ ሲል፣ የለመደውን ቤት ትቶ ወደ ግብፅ ወረደ...»

«ወርዶ የት አደረ? ሰርቪስ ቤት?»

ቤቴል የያዘችውን ጣባ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች።

«ትንሿ ሲንክ ማንጠፍጠፊያ የላትም» አልኩ። «ማነው የመረጣት?»

ቀድማ የሳቀችው ፋጡማ ናት። ሻሿን አፏ ላይ ይዛ እንባዋ እስኪወርድ። ዕንባቆም «ተመስገን» ብሎ ወንበሩ ላይ ተለጠጠ። ቤቴል ግን እግሬ ሥር ተቀምጣ ጉልበቴ ላይ ተደፋች፣ ያመመኝ ላይ። አላነሣኋትም።

«እቀይርልሻለሁ እማዬ፣ ነገውኑ። ማንጠፍጠፊያ ያላትን።»

«ቀይሪ። ሌላም አለ። ከእንግዲህ አተካና አብልታችሁ፣ ሽማግሌ ሰብስባችሁ አትንገሩኝ። ያለውን እንዳለ ንገሩኝ፤ ዕለቱን። ለሕዝቅኤልም ይህንኑ በይው። ደኅና ነው የሚባል ቃል መስማት አልፈልግም።»

«ተስማማን?» አለ ዕንባቆም፤ ሥራውን የሠራ መስሎት።

«አተካናው ጨው አንሶታል» አልኩ።

ታኅሣሥ 9

ማንጠፍጠፊያ ያላት መጣች። ሆሴዕ ለካ። ዞሮ ለካ። እሷ ተገጥማ አልጋው ከገባ በሩ አይከፈትም። አልጋው ይውጣ? ወዴት? ቤቴል ልታለቅስ ስትል «መልሷት» አልኩ።

ትንሿ ተገጠመች። ከፍታዋ በልኬ ነው። እውነቱን ለመናገር ወገቤን አያመኝም።

ታኅሣሥ 24

ዛሬ ወደ ሰርቪሱ ገባሁ። ካርቶኖቹ ግማሹ ፋጡማ ቤት ናቸው። ሳፋዎቹንም እሷ ወሰደች፤ ቦታ የለም።

ጥር 4

ተከራዮቹ ገቡ። ሐዳሳ ትባላለች ሚስትየዋ። ረጅም ናት፤ ጨዋ ናት። ልትተዋወቀኝ መጣች። «ሲንኩን እርስዎ መረጡት አሉኝ፤ በጣም ነው የወደድኩት» አለች። «ማንጠፍጠፊያው ብቻ የማይመች ጎን ነው። ባለቤቴ ይቀይርልሻለሁ ብሏል።»

«አዎ፣ ሰው ሁሉ በግራ ነው የሚወደው» አልኳት።

ጥር 12

ሕዝቅኤል ደወለ፣ በቪዲዮ። ያለውን ንገሩኝ ካልኩ ወዲህ የማይነግረኝ ነገር የለም። በየቀኑ ማለት ነው... አንዳንዴ ያን ያህል ባያበዛው እላለሁ። ዛሬ ሱቁ ድረስ ሄዶ አሳየኝ። ግድግዳው ጥቁር ነው። መዝጊያው ተጣሟል። መሬቱ ላይ የቀለጠ ፕላስቲክ። «ይኸው እማዬ። እዚህ ጋ ነበር የምቆመው» አለ። አሁን ያገሩ ልጅ ሱቅ ተቀጥሮ ይሠራል፤ ከዚያው ሱቅ ጀርባ ነው የሚያድረው። ዛሬ የበላውን ጠየቅሁት። ዳቦ። በምን? በሻይ። ሲናገር አለቀሰ፤ እንደ ሸክም አውርዶት። እኔ አላለቀስኩም። ጠጉሩን እንዲቆረጥ ነገርኩት።

ከዚያ አፍንጫውን ጠርጎ፣ «አንቺስ እማዬ?» አለኝ። «ሲንኳ እንዴት ናት? ተመቸችሽ?»

ሳህኖቹ አልጋዬ ላይ፣ ፎጣ ላይ ተዘርግተው ይንጠፈጠፋሉ። ሌላ ቦታ የለም። ድስቱ ቧንቧው ሥር አልገባ ስላለኝ በኩባያ እየቀዳሁ ነው ያለቀለቅሁት። ከትልቁ ቤት ውኃው ሲወርድ ይሰማኛል። ሐዳሳ ቧንቧውን ከፍታ ትረሳዋለች።

«ተመችታኛለች» አልኩት። «ለኔ ትበዛለች እንጂ።»

«እውነትሽን ነው? አታስመስዪ።»

«መቼ ዋሽቼህ አውቃለሁ?»

ፊቱ በራ። ከስንት ጊዜ በኋላ ጥርሱን አየሁት። «በሱ በኩል እንኳ ትንሽ ተነፈስኩ» አለና ወደ ሥራው ሄደ።

ሳህኖቹን አነሣሁ። ውኃው ፎጣውን አልፎ ፍራሹ በራስጌ በኩል ርሷል። ዛሬ ወደ ግርጌ ዞሬ እተኛለሁ።